«የጸሐፊዎችን ኑዛዜ ካነበብኩ በኋላ ሰው ማመን ከበደኝ»

ጥያቄ፦

«ላለፉት ሦስት ዓመታት በአብዛኛው የማነበው ጸሐፊዎችና ፈላስፎች ስለ ራሳቸው የጻፉትን ነው፤ ኑዛዜያቸውን፣ የዕለት ማስታወሻቸውን፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ያሰላሰሉትን። መጀመሪያ ላይ ሰውን ይበልጥ የተረዳሁ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። እያደር ግን ከሁሉም የማገኘው አንድ ዓይነት ነገር ሆነብኝ፤ ሰው ራሱን ይዋሻል፣ ደግ የሚሆነውም ደግ መባልን ሽቶ ነው፣ ከመልካም ሥራው በስተጀርባ ሁልጊዜ የራሱ ጥቅም አለ። ባለፈው ዓመት እናቴ በጠና ታማ በተኛችበት ጊዜ አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ አሥራ አንድ ሌሊት አብራኝ አደረች። እኔን እንቅልፍ ሲጥለኝ እርሷ ትነቃለች፤ ብርሃኑ የእናቴን ዓይን እንዳይወጋት መብራቱን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ወንበሯን በሩ አጠገብ አድርጋ ትቀመጣለች። እናቴ ከዳነች በኋላ አንድ ቀን ስንጨዋወት፣ ‹ይህን ሁሉ ያደረግሽው ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ራስሽን ደግ አድርገሽ ለማየት?› አልኳት። እውነቱን መነጋገር ያቀራርበናል ብዬ ነበር። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ከዚያ ወዲህም እንደ ድሮው አይደለንም። ጥያቄዬ ሦስት ነው። የሰው ባሕርይ በእርግጥ እነዚህ ሰዎች እንደሚሉት ነው? ንባቡን ልተወው? ከጓደኛዬስ ጋር ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን እናትዎን እግዚአብሔር ማረልዎ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የቀሩት የሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልስ የሚገኘው ከመጀመሪያው ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ይታገሡኛል ብዬ አምናለሁ። አቋሜን ግን ከመነሻው ልንገርዎ። ካነበቧቸው መጻሕፍት የወሰዱት ፍርዱን ነው፤ ምስክርነቱን ጆሮ ሰጥተው አልሰሙትም። ምስክርነቱን ቀረብ ብለው ቢሰሙት፣ ሰው ራስ ወዳድ ነው ከሚለው ፍርድ ጋር የማይስማማ ብዙ ነገር ያገኙበታል።

የአውግስጢኖስን ኑዛዜ ሳያነቡት የቀሩ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ354 እስከ 430 የኖረው ይህ ሰው፣ ጳጳስ ከሆነ በኋላ በ397 ገደማ መጻፍ በጀመረው መጽሐፉ ውስጥ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ ከሰው ዛፍ ላይ የፒር ፍሬ እንደ ሰረቀ ይተርካል። አልራበውም ነበር። ፍሬውም መልኩም ሆነ ጣዕሙ የሚያጓጓ አልነበረም፤ ከዚያ የተሻለ እርሱ ራሱ ነበረው። ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለአሳማዎች ጣሉት። ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ብዙዎች የልጅ ጥፋት ብለው በሚያልፉት በዚህ ስርቆት ላይ ገጽ በገጽ እየጨመረ «ለምን አደረግሁት?» እያለ ራሱን ይመረምራል። አንዱን ምክንያት ያነሣል፣ ይጥለዋል፤ ሌላውን ያነሣል፣ እርሱንም ይጥለዋል። ደጋግሞ የሚመለስባት ግን አንዲት ነገር ናት፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር። አንዱ ተነሥቶ «እንሂድ፣ እናድርገው» ሲል፣ ኀፍረተ ቢስ አለመሆን ራሱ የሚያሳፍር ሆኖ ተገኘ።

ከእርሱ ከ1300 ዓመታት በላይ ዘግይቶ የተወለደው ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶም ስርቆቱን ይናዘዛል፤ አጋጣሚው ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ እርሱም ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በ1728 ቱሪን ከተማ ውስጥ የሚያገለግላቸው እመቤት ሞተው ቤቱ ሲበተን አንድ ያረጀ ሪባን ጠፋ፤ ሲፈለግ እርሱ ዘንድ ተገኘ። ከየት አመጣኸው ሲባል፣ ማሪዮን የምትባለው ወጣት ወጥ ቤት ሠራተኛ ሰጠችኝ አለ። ልጅቷን አምጥተው በሰው ሁሉ ፊት አገናኟቸው። እርሷ እያለቀሰች እውነቱን እንዲናገር ለመነችው፤ እርሱ ግን በቃሉ ጸና፤ ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። ሩሶ ይህን ነገር አርባ ዓመት ያህል ለቅርብ ወዳጁ እንኳ ሳይናገር በሆዱ ይዞት ኖረ። ሲጽፈው ለራሱ ጥብቅና መቆሙ አልቀረም፤ የልጅቷ ስም አፉ ላይ የመጣለት ስለሚወዳት እንደሆነ እስከ መጻፍ ደርሷል፤ ይህን ማንም አንባቢ በቀላሉ የሚቀበለው አይመስለኝም። ሁለት ነገሮች ግን አምነዋለሁ። አንደኛው፣ የፈራው ቅጣቱን ሳይሆን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባና ውሸታም መባሉን እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ለብቻው ወስዶ በለሰለሰ ቃል ቢጠይቀው ኖሮ እግሩ ላይ ወድቆ ሁሉን ይናዘዝ እንደ ነበር ነው። ይህን ሁለተኛውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁና እንዳይረሱት እለምንዎታለሁ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው የሰረቀውን ፍሬ ይበላዋል እንጂ ለአሳማ አይጥለውም። ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው በአንድ ያረጀ ሪባን ምክንያት አርባ ዓመት ሙሉ አይታመስም። እነዚህ ሁለት ልጆች ያጠፉት ጥቅማቸውን ፈልገው አይደለም፤ በሌሎች ዓይን የሚታዩበት መልክ ከእውነትም ከገዛ ራሳቸውም በልጦባቸው ነው። ቋንቋችን ለዚህ ነገር ቃል አለው፤ ይሉኝታ። «ይሉኛል» ከማለት የወጣ ቃል ነው፤ የሌላው ሰው ድምፅ በራሳችን ልብ ውስጥ ሲናገር ማለት ነው። ይህ ድምፅ አንዱን ልጅ ወደ ስርቆት፣ ሌላውን በንጹሕ ሰው ላይ ወደ መመስከር ወስዷል። ነገር ግን የሌላው ሰው ድምፅ ጨርሶ የማይሰማበት ልብ ቢኖር፣ የታመመች ሴት ስትቃትትም አይሰማም። ሰውን ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው ገመድ አንድ ነው፤ ያነቀንም የያዘንም እርሱ ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ ወንበር ላይ ስታድር፣ ከፊሉን ራሷን ደግ አድርጋ ለማየት ብላ አድርጋው ቢሆን እንኳ፣ ይህ ሰው የመሆኗ ምልክት እንጂ የማስመሰሏ ማስረጃ አይሆንም። በእናትዎ ዓይን ላይ ያረፈው ጥላም በዚህ ምክንያት አይቀንስም።

ወደ ፍርዱ ልመለስ። ሰው ስለ ሰው የሚሰጠው ፍርድ በአብዛኛው የተጻፈበትን ሰዓት ይመስላል። ከ161 እስከ 180 ሮምን የገዛው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ በግሪክኛ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ፣ በሁለተኛው ክፍል መነሻ ላይ፣ ዛሬ ሰው በማይመለከተው የሚገባውን፣ ውለታ ቢሱን፣ ትዕቢተኛውን፣ አታላዩንና ምቀኛውን አገኛለሁ እያለ ጠዋት ለራሱ ይነግራል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ አስምሮ ያቆማል፤ ምናልባት እርስዎም እንዲሁ አድርገው ይሆናል። ሐሳቡ ግን ይቀጥላል። ያ የሚበድለኝ ሰው ዘመዴ ነውና ልቆጣው አይገባኝም፤ እንደ ሁለቱ እግሮች፣ እንደ ሁለቱ እጆች፣ እንደ ላይኛውና እንደ ታችኛው ጥርስ አብረን ልንሠራ ተፈጥረናል ይላል። ከዚያ የሚቀድመው የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ በአሥራ ሰባት አንቀጾቹ ሁሉ ምስጋና ነው፤ ከአያቱ ይህን፣ ከእናቱ ያን፣ ከመምህሩ ሌላውን ተማርኩ እያለ የሰዎችን በጎነት አንድ በአንድ ይቆጥራል።

እኔን ከዚህ መጽሐፍ ይበልጥ የሚነካኝ መደጋገሙ ነው። አትቆጣ ብሎ ራሱን የመከረው ሰው ከጥቂት ገጾች በኋላ ያንኑ ምክር እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ ቀጥሎም እንደገና። ለሕዝብ ሊያሳየው ቢያስብ ኖሮ ድግግሞሹን ያስወጣው ነበር ብዬ አስባለሁ። ያን ሁሉ ሠራዊት የሚያዝ ሰው አንዲት ምክር ልቡ ውስጥ አልቀመጥ ብላው በየጊዜው ሲጽፋት ማየት፣ ስለ ሰው ባሕርይ ከተጻፉ ብዙ ፍርዶች ይልቅ የበለጠ ይነግረኛል። ሰው መልካሙን ያውቀዋል፤ ይረሳዋል፤ መርሳቱም ያሳስበዋል።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ከናዚዎች ሸሽታ ከሁለት ዓመት በላይ ተደብቃ የኖረችው የአሥራ አምስት ዓመቷ አይሁዳዊት ልጅ አን ፍራንክ፣ ጁላይ 15 ቀን 1944 በማስታወሻዋ ላይ ሰው በልቡ መልካም እንደሆነ አሁንም እንደምታምን ጻፈች። ከሃያ ቀን በኋላ ተያዘች። ይህን የምነግርዎ እንዲጽናኑበት አይደለም። በዚያው ቀን ጽሑፍ ላይ እነርሱንም የሚያጠፋ ነጎድጓድ ሲቃረብ እንደሚሰማት ጽፋለችና፣ መጽናኛውን ብቻ ቆርጦ መውሰድ ልጅቷን መበደል ይሆናል። እርስዎ ከንጉሡ ማስታወሻ ጨለማውን ብቻ ከወሰዱ፣ ከእርሷ ብርሃኑን ብቻ ከሚወስዱት ሰዎች ጋር ያደረጉት አንድ ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ሁለቱንም ጽፈዋል።

እኔም ብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ስይዝ ኖሬአለሁ። ከወንድሜ ጋር ተጣልተን ስምንት ወር ሳንነጋገር የቆየንበትን ደብተር በቅርቡ ገልጬ ነበር። በጠባችን ቀን «ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። አምስት ሳምንት ያህል ቆይቼ ስለ ሌላ ጉዳይ በጻፍኩት ገጽ ላይ ደግሞ፣ በዓረፍተ ነገሩ መካከል «ስልኩን ከዘጋሁበት ቀን ጀምሮ» የሚል ሐረግ አምልጦኝ ገብቷል። ቀለሙ አንድ ነው፣ እጁም የእኔው ነው፤ ስጽፈው አላስተዋልኩትም ነበር። ሰው ራሱን ይዋሻል ብለው ጽፈዋል፤ እውነት ነው፣ ይኸው እኔም ዋሽቻለሁ። ነገር ግን ውሸቱን ይዞ ብዙ ገጽ መዝለቅ ያዳግተዋል፤ እጁ ያጋልጠዋል። በዚያው ደብተር ውስጥ ሌላም ነገር አየሁ። በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ የተደሰትኩባቸው ቀናት እንደ ነበሩ አስታውሳለሁ፤ አንዱም አልተጻፈም። ብዕር የሚነሣው ሆድ ሲብስ ነው። የጸሐፊዎችን ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ይህን ካልቆጠረ፣ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሲከፋውና ሲጸጸት የኖረ ይመስለዋል።

አሁን ጓደኛዎን ወደጠየቋት ጥያቄ ልምጣ። ከ1533 እስከ 1592 የኖረው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንታኝ የመጽሐፉ ጉዳይ እርሱ ራሱ እንደሆነ በመቅድሙ ላይ ጽፎ፣ ፍርሃቱን፣ ልማዱን፣ ሕመሙን፣ ስንፍናውን ሳይቀር የመረመረ ሰው ነው። ኤትየን ደ ላ ቦኤሲ የሚባለው ወዳጁ በ1563 ሞተበት። በ1580 በታተመው መጽሐፉ ላይ፣ ያን ወዳጁን ለምን እንደ ወደደው ቢያስጨንቁት መናገር የማይቻል ሆኖ እንደሚሰማው ጻፈ፤ እዚያ ላይ ቆመ። ከ1588ቱ እትም በኋላ በገዛ ቅጂው ጠርዝ ላይ በእጁ ብዙ ነገር ይጨምር ነበር፤ ቅጂው ዛሬም ቦርዶ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ከዚያች ዓረፍተ ነገር አጠገብ መጀመሪያ «እርሱ ስለሆነ» ብሎ ጨመረ፤ ቆይቶም በሌላ ቀለም «እኔም ስለሆንኩ» አለበት። ወዳጁ ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ራሱን በመመርመር ዕድሜውን የፈጀ ሰው ለወዳጅነቱ ያገኘው ምክንያት ይህ ብቻ ነው፤ ይህንንም በሁለት ጊዜ ነው ያገኘው። ጓደኛዎ በአንድ የጨዋታ ሰዓት፣ ድንገት ተጠይቃ፣ ምን ብላ ትመልስልዎት ነበር? ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል አድርገው ቆጥረውት ከሆነ ስሕተት ይመስለኛል።

በቅንነት እንደ ጠየቋት አልጠራጠርም፤ ግን ቅንነት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። በ1862 የ34 ዓመቱ ሩሲያዊ ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ፣ የ18 ዓመት እጮኛውን ሶፊያን ከማግባቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በመካከላቸው የተደበቀ ነገር እንዳይኖር በማለት የወጣትነት ማስታወሻዎቹን እንድታነብ ሰጣት፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ያሳለፈው ሁሉ እዚያ ተጽፎ ነበር። አንብባ አለቀሰች። እርሷም የዕለት ማስታወሻ ትጽፍ ነበርና፣ ያ ሕመም ከሠርጉ በኋላም እንዳልለቀቃት ከገዛ ጽሑፏ እንረዳለን። እርሱ ሸክሙን አወረደ፤ ሸክሙ ግን መሬት ላይ አልወደቀም፣ እርሷ ላይ ነው የተጫነው። እርስዎም ከእነዚህ መጻሕፍት የተማሩትን ፍተሻ ወስደው የሌላ ሰው ልብ ላይ ሞከሩት። አውግስጢኖስ የመረመረው የእኩዮቹን ልብ አልነበረም፤ የራሱን ነው። ይልቁንም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእነዚያ አሥራ አንድ ሌሊቶች እርስዎም አልጋው አጠገብ ነበሩ። ያን ያደረጉት ለእናትዎ ብለው ነው ወይስ ራስዎን ጥሩ ልጅ አድርገው ለማየት? ጥያቄው ሲቀርብልዎ ምን እንደ ተሰማዎ ልብ ይበሉት። «እናቴ ስለሆነች» ከማለት ሌላ መልስ ካላገኙ፣ ሞንታኝ በሁለት ቀለም ከጻፈው የራቀ አይደለም።

ንባቡን አይተዉት። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥርጥር የለኝም። ብቻ ቁራጭ ጥቅስ ማንበብን ትተው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ፤ ጸሐፊው ያን ገጽ ሲጽፍ ስንት ዓመቱ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ደረሰበት፣ ማን እንዲያነብለት እንዳሰበ ይጠይቁ፤ ከሚናገረው ይልቅ የሚደጋግመውን፣ ከሚደጋግመውም ይልቅ ዘሎ ያለፈውን ይፈልጉ። ለጥቂት ወራትም እርስዎ ራስዎ ይጻፉ። የሚጽፉትም አስተያየት ሳይሆን የሆነውን ይሁን። ከእነዚያ አሥራ አንድ ሌሊቶች ይጀምሩ፤ ማን ውኃ አቀረበ፣ ማን በስንት ሰዓት ተነሣ፣ ማን ምን አለ። «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ለጊዜው ያቆዩት።

ጓደኛዎን በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደው ያነጋግሯት፤ ሌላ ሰው በሌለበት ይሁን። ሩሶ በዚያች ሰዓት ያጣው ይህን ነበር፤ ለብቻው የሚጠራው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነጋግረው አንድ ሰው። ስላነበቧቸው መጻሕፍት አያስረዷት፤ ማስረዳቱ ጥብቅና ይሆንብዎታል። «አስቀይሜሽ ከሆነ» አይበሏት፤ እንዳስቀየሟት ያውቃሉና። ያ ጥያቄ ሊጠየቅ የማይገባው እንደ ነበር ተናግረው ይቅርታ ይጠይቋት፤ መልስ እንድትሰጥዎም አያስቸኩሏት። ወዲያው ላትመለስ ትችላለች፤ አሥራ አንድ ሌሊት የታገሠች ሰው ጥቂት ወራት ቢታገሧት ይገባታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የላኩልኝ ደብዳቤ ሰውን ማመን እንደ ከበደዎ የሚናገር ነው፤ ነገር ግን መብራቱን ወደ ግድግዳው ማዞሯን፣ ወንበሯን በሩ አጠገብ ማድረጓን ማንም ሳይጠይቅዎ ጽፈውታል። በእንቅልፍ መካከል ያዩትን ነገር ዓመት ሙሉ ይዘውት ኖረዋል ማለት ነው። ይህን ለእኔ ነግረውኛል፤ ለእርሷ ግን የነገሯት አይመስለኝም። ሲያገኟት ከይቅርታው ቀጥለው ስለ መብራቱ ይንገሯት።